ጥቁሩ ሞላ

ወይም ቢጫው፣ አይ፣ ቢጫውም ይጠነክራል፣ ኡዘይር ሞላውን በአውራ ጣቱ እስከ ታች ይጫነዋል፣ ቀስ ብሎ ይለቀዋል፣ እንደገና ይጫነዋል፣ ጣት ሚዛን አይደለም፣ ያውቃል፣ በሚዛን ትናንት ሁለት ጊዜ ለክቶ ደብተሩ ላይ ጽፎታል፣ ቁጥሩ አልጠፋውም፣ የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ጨርቁ ላይ ሦስት ሞላዎች። ነጩ፣ ቢጫው፣ ጥቁሩ። ጥቁሩን አይነካውም።

መገርሳ ከመኪና ስር ብቅ ይላል፣ ጋራዡ የእሱ ነው፣ ቀልዱም የእሱ፣ ባክህ ኡዜ፣ ሞላ ነው የምትመርጠው ወይስ ሚስት፣ ሽማግሌ እንላክልህ እንዴ፣ ኡዘይር ይስቃል፣ ፊቱ ብቻ ይስቃል፣ ኦቦ ቦሩ በአራት ሰዓት እመጣለሁ ብለዋል፣ አሁን ሦስት ተኩል ነው፣ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ወተት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አያረፍዱም።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ለማንም ይገባል፣ ለዚህም ነው የሚያሳፍረው። የኦቦ ቦሩ ቫን ሱፐርቻርጀር አለው፣ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ አየር መንፊያ ነው፣ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ይነፋል፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ የሞተሩ የአየር በር ይዘጋል፣ መንፊያው ግን አያቆምም፣ የተነፋው አየር መውጫ ይፈልጋል፣ መውጫው ያ ትንሽ ቫልቭ ነው፣ ቫልቩን ገፍቶ የሚዘጋው ሞላ ነው፣ ሞላው ከላላ አየሩ ዳገት ላይ ያመልጥና መኪናው ይደክማል፣ ከጠነከረ ደግሞ፣ ከጠነከረ ቫልቩ በጊዜው አይከፈትም፣ አየሩ ይታመቃል፣ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይፈነዳል።

ኅዳር ላይ ነበር የመጡት፣ ይቺ መኪና እንጦጦን ስትወጣ ታለከልካለች፣ አሉ፣ ጥቁሩን ገጠመላቸው። ለምን ጥቁሩን። ከዚያ በፊት የሠራው ሁሉ በጭስ ግፊት የሚነፋ የቱርቦ መኪና ስለነበር፣ ቱርቦ ላይ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ሞላው ቫልቩን ዘግቶ መያዝ አለበት፣ ይህን ደብተሩ ላይ በቀይ አስምሮበታል፣ ሱፐርቻርጀር ላይ ግን በሚኒሞም መከፈት አለበት፣ ይህን አላወቀም፣ አለማወቁን ግን ጠርጥሯል፣ መጠርጠሩ ነው የሚያንገበግበው፣ መገርሳ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ነበር፣ አልጠየቀውም፣ አንዱን ብሎን ሁለት ጊዜ የሚያጠብቀው ኡዘይር፣ እንዴት ብሎ ይጠይቃል። ዳገቱን ሞከሩ፣ በረረች፣ ኦቦ ቦሩ ትከሻውን መቱት፣ ኢልማ ኮ፣ አሉ ለሰው ሁሉ፣ ልጄ ነው። ቁልቁለቱን ሊሞክር ፈልጎ ነበር፣ በዚያ ሳምንት ተማሪዎቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጥተዋል፣ አናቱ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ተመለሱ። ደብተሩ ላይ የቁልቁለት ሙከራ ብሎ ጻፈና ፊት ለፊቱን ባዶ ተወው። አሁንም ባዶ ነው።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ፣ ኦቦ ቦሩ ወተት ጭነው ወረዱ፣ ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ ወታደሮች መኪና እያስቆሙ ይፈትሻሉ፣ ኦቦ ቦሩ እግራቸውን ከነዳጅ አነሱ፣ ማንም ሰው እንደሚያደርገው፣ የአየር ቱቦው ከማሰሪያው ተመንጭቆ ጓ አለ። በዚያ ወር፣ በዚያ መንገድ፣ ጓ። ጎትተው አወረዷቸው፣ ግራ ክንዳቸው በሰደፍ ተሰበረ፣ ቢዶኖቹ ተገለበጡ፣ ወተቱ አስፋልቱ ላይ ወረደ፣ እሱ አላየም፣ የነገሩት ባለቤታቸው አዴ ገለቴ ናቸው፣ በማግሥቱ እዚህ ደጃፍ ቆመው፣ ተቀመጡ ቢሏቸው እንቢ ብለው፣ ፈንጂ ነው እያሉኝ ነው ልጄ፣ ና ጣቢያ እንሂድ፣ የጮኸው መኪናው ነው በልልኝ፣ አንተ ታውቃለህ።

ሄደ። መኪናውን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከፈተው፣ ቱቦው ተንጠልጥሏል፣ ቫልቩን ፈታ፣ ጥቁሩ ሞላ መዳፉ ላይ ወደቀ፣ ሁሉም ነገር ያኔውኑ ገባው፣ ያኔውኑ፣ ሰበብ የለውም። መርማሪው ወረቀት ሰጠው። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳይሰርዝ ሳይደልዝ ጻፈ፣ ድምፁ ከተሽከርካሪው የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ በውል አልታወቀም። መርማሪው ቀና ብሎ አየው፣ ባለሙያ አይደለህ እንዴ፣ ቁርጡን አትነግረኝም። እኔ የገጠምኩት ያልሆነ ሞላ ነው ብሎ ቢጽፍስ፣ ማን ላከህ ይሉታል፣ ሆን ብለህ ነው ይሉታል፣ ያን ሰሞን የገባ መቼ ይወጣል፣ ቁርጡን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል ጌታዬ፣ አለ። ጥንቃቄ ይመስል ነበር፣ ሁልጊዜ ጥንቃቄ ይመስላል። ፈርሞ ወጣ፣ አዴ ገለቴ በሩ ላይ እጁን ስበው ሳሙት። ቁርጡ እስኪታወቅ ኦቦ ቦሩ አሥራ ሰባት ቀን ታሰሩ።

አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ይላል ኡዘይር ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ናጋ፣ ይላሉ ኦቦ ቦሩ፣ አራት ሰዓት፣ ግራ ክንዳቸው ጀሶ ውስጥ ነው፣ ከስተዋል፣ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። የኔ እግር ነው ጥፋተኛው፣ ይሉታል፣ የሽማግሌ እግር፣ ድንገት አነሳሁት፣ ከእንግዲህ ቀስ እላለሁ፣ አንተን ግን እግዜር ይስጥህ፣ ያቺ ወረቀትህ ናት ያወጣችኝ።

ወረቀቷ። ነጩን ይገጥማል፣ እጁ ሥራውን ያውቃል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ቫልቩ በሚኒሞ ተከፍቶ ይተነፍሳል፣ ይህ ነው፣ ይህ ነበር፣ ያኔም እዚሁ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አሁን ዝም ቢል ማንም አያውቅም፣ ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ እግራቸውን ይወቅሳሉ፣ ቀስ እያሉ ይነዳሉ፣ ያመሰግኑታል፣ በየመንገዱ ያመሰግኑታል።

ኦቦ ቦሩ፣ እግርዎ አይደለም። ሞላው ነው። እኔ ነኝ ያልሆነውን የገጠምኩት።

መገርሳ መዶሻውን ያቆማል።

ሽማግሌው ጥቁሩን ሞላ ከጨርቁ ላይ ያነሳሉ፣ በደህናው እጃቸው ይጫኑታል፣ አይጎብጥላቸውም፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ያቺን ወረቀት ስትጽፍ ይህን ታውቅ ነበር።

አውቅ ነበር።

ይቆጣሉ ብሎ ይጠብቃል፣ ቢቆጡ ይሻለዋል፣ ቢመቱት ይሻለዋል፣ ቁልፉን ከመኪናው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል፣ አንተ ንዳ፣ ይላሉ፣ እዚያው ድረስ።

ይነዳል። ዳገቱን ይወጣሉ፣ መኪናዋ ትንሽ ከበፊቱ ትደክማለች፣ ባሕር ዛፉ ያልፋል፣ አናቱ ላይ ድንጋዮቹ ወደ ዳር ተገፍተዋል፣ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ፣ ቁልቁለቱ፣ ግርጌው፣ ወታደር የለም ዛሬ፣ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብሳለች፣ ቦታው ይህ ነው፣ እግሩን ያነሳል።

ፍስስስ። ለስላሳ፣ ረጅም፣ እንከን የሌለው። ነጩ ልክ ነው፣ ደብተሩን ቢያወጣ ባዶውን ቦታ አሁን መሙላት ይችላል፣ ልክ ነው ሊላቸው ወደ ጎን ይዞራል፣ ኦቦ ቦሩ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ቀኝ እጃቸው ጀሶውን ከላይ ሸፍኖታል፣ ኡዘይር ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል፣ ከፊት ሌላ መታጠፊያ አለ፣ እዚያም እግሩን ማንሳት አለበት።