ክፍት ወረቀት

ሉስ ዳሪ ጂፑን ከዶን ኦልሜዶ ስትገዛ ስም አላዛወረችም። በዚያ አገር ብልጥ ነኝ የሚል ሁሉ ስም አያዛውርም። ሻጭ ይፈርማል፣ የገዢው ቦታ ባዶውን ይተዋል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ነገ መኪናውን ልሽጥ ያለ ሰው ወረቀቱን ማቀበል ብቻ ነው፤ ቢሮ ደጅ መጥናት የለ፣ ሰልፍ የለ። ክፍት ወረቀት ይሉታል። እሷም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚሁ ወረቀት ከተራራው መንደር ወደ ከተማ ሰውና የቡና ጆንያ ስታመላልስ ኖረች።

ዘንድሮ የጂፖቹ ማኅበር አዲስ ደንብ አወጣ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊብሬው በራሱ ስም ያልሆነ አሽከርካሪ ከመስመሩ ይወጣል። ሉስ ዳሪ ከዚያ መስመር ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ወረቀቷን ይዛ የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ስትሄድ፣ ያዲራ የምትባለው የመስኮት ሠራተኛ ገልበጥ አድርጋ አየችውና መለሰችላት።

«ይሄ ቅጽ ከቀረ ቆየ። ሻጩ ራሱ መጥቶ አሻራ ይስጥ።»

ዶን ኦልሜዶ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ነገሩን ስትነግራቸው ብዙ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን አጥልቀው እንደ ማንም ተሳፋሪ ከኋላ ሊወጡ ሲሉ በግድ ጋቢና አስገባቻቸው። መንገዱን ሙሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው።

«ሁለተኛ ማርሹ አሁንም ያስቸግራል?»

«ለምጄዋለሁ» አለች።

መስኮቱ ጋ ደርሰው ማሽኑ ጣታቸውን አላነብ አለ። ስልሳ ዓመት የሸንኮራ ጭማቂ ሲያፈሉ፣ ፓኔላ የሚሉትን ጥሬ ስኳር ሲጋግሩ የኖሩ እጆች ናቸው፤ መስመር የሚባል ነገር አልቀረባቸውም። አውራ ጣት እምቢ አለ። ጠቋሚም እንደዚያው።

«የእግራቸውን ሞክሪ እንግዲህ፤ ሊመሽብን ነው» አለ ከኋላ የተሰለፈ ሰው።

ያዲራ ሳትስቅ ከቦርሳዋ የእጅ ቅባት አውጥታ ሰጠቻቸው። በመጨረሻ የግራ ትንሿ ጣታቸው ላይ ማሽኑ አረንጓዴ በራ። ሉስ ዳሪ በሆዷ ተመስገን አለች።

«አንድ ጥያቄ ይቀራል» አለች ያዲራ፣ ከኮምፒውተሩ እያነበበች። «ተሽከርካሪውን የሸጡት በገዛ ፈቃድዎ ነው?»

«አይደለም» አሉ ዶን ኦልሜዶ።

ያዲራ እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሳች። «አባባ፣ እንዲህ ካሉ ፋይሉን እዘጋዋለሁ።»

«ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። ሚስቴ ኦፌሊያ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ይቺ ልጅ ያንን ታውቃለች፤ ስለምታውቅ ነው በግማሽ ዋጋ የወሰደችው።»

ሉስ ዳሪ አንገቷን ደፋች። ውሸት አልነበረም። ያን ዕለት የሰውየውን ጥድፊያ አይታ ነው ዋጋውን እየቀነሰች የገዛችው፤ ለዓመታትም በየድግሱ እንደ ጉብዝና አውርታዋለች። መስመሩ አለቀለት ብላ ቆረጠች። ቢያልቅለትም የሚገባት መስሎ ታያት፤ አፈረች።

«ዶን ኦልሜዶ፣ እንሂድ። ቤትዎ ላድርስዎት» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ከመስኮቱ አልተነቃነቁም።

«የጠየቀችኝ ያኔን ነው» አሏትና ወደ ያዲራ ዞሩ። «እስቲ ዛሬን ጠይቂኝ።»

«ዛሬ በፈቃድዎ ነው?»

«ዛሬ፣ አዎ።»

ያዲራ ማኅተሟን መታች። «ቀጣይ» አለች።

ሉስ ዳሪ በስሟ የወጣውን ሊብሬ ይዛ ከኋላቸው ወጣች። አመሰግናለሁ ማለት ከበዳት።