የአቶ ዳኘ እህቶች

ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምረው ሶፎንያስ ዳኘ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው ብሎ የሚያማርር መምህር አልነበረም፤ ዕቃ ከጠፋ ገበያ አለ። የጡት ካንሰር በዘር እንዴት እንደሚተላለፍ ባስተማረበት ቀን ይዞ የገባው ሁለት ኩባያና አንድ ኪሎ ቦሎቄ ነበር። «እናት» ብሎ በሰየመው ኩባያ ውስጥ ነጭ ብቻ ጨመረ፤ «አባት» ባለው ውስጥ ግን ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ቀይ አደረገ። ቀዩ የተበላሸው ዘረመል መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከየኩባያው አንድ አንድ ፍሬ እንዲያወጡ አዘዘ።

ወንዶቹ ተሳሳቁ፤ አባትን ከጡት ጋር ምን አገናኘው? ወጥቶ ሲታይ ግን የክፍሉ ግማሽ ያህል ቀይ ይዞ ቀረ፤ ሳቁም በረደ። አባት ራሱ ሳይታመም ለልጆቹ ሊያወርስ እንደሚችል ነገራቸው። የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ፣ ቶሎ መታየት ግን እንደሚያድን ጨመረላቸው።

ከዚያ የየቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ ስለው እንዲመጡ የቤት ሥራ ሰጠ። ለምሳሌ እንዲሆንም የራሱን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ጉራ ያዘው። አባቶቹን መቁጠር የተማረው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነውና ሰባቱን ትንፋሽ ሳይወስድ ደረደራቸው። ጠመኔውን አስቀምጦ ዘወር ሲል ጣቢታ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባቶችዎ እህት አልነበራቸውም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሶፎንያስም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ስለ ጡት ካንሰር ሊያስተምር ተነስቶ አንዲት ሴት የሌለችበት የዘር ሐረግ የሚስል መምህር ከየት ይገኛል? እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ቦኖሻ ወላጆቹ ቤት ሄደና አባቱን አቶ ዳኘን እህቶቻቸውን እንዲቆጥሩለት ለመናቸው። ሽማግሌው ሴት ወደ ባሏ ጎሳ ሄዳለች፣ ምኗ ይቆጠራል ብለው አንገራገሩ። ልጃቸው ደብተሩን ዘርግቶ አልነሳ ሲላቸው ሁለት ስም ጠሩ። ታናሽየዋ ገና ልጅ እግር ሳለች፣ ገነቴ ደግሞ በአርባ ዓመቷ ሞተዋል። ሁለቱም «በጡት ቁስል» ነው። በየባላቸው አገር ስለተቀበሩ ሁለቱን ሞት አንድ ላይ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም።

ታላቅ እህቱ አስናቀች እዚያው ደጃፍ ላይ ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋዋ ቆመ። አባታቸው ወጣ እስኪሉ ጠብቃ፣ ዓይኗን ከድንቹ ሳታነሳ ተናገረች።

«ሶፎ፣ እኔም እብጠት አለብኝ። ከፋሲካ ጀምሮ። ስለማያመኝ ዝም አልኩ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት አስናቀች ለጎረቤት ስትመክርበት የኖረች ሴት ናት። የጡት ነገር ሲሆን ግን ለወንድም ይቅርና ለባልም አልነገረችም።

ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ትንሽ፣ ካለበት ያልወጣ። ሐኪሟ ደብተሩን አገላብጣ አየችና የሟቾቹ አክስቶች ሴት ልጆች ካሉ እነሱም ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ አለች። ገነቴ ልጆች ነበሯት። አቶ ዳኘ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ለሌላ ጎሳ ሰዎች የእኛ ደም የታመመ ነው ብዬ አልናገርም፣ ልጆቹ የት እንዳሉም አላውቅም አሉ፤ የተባለውም ሁሉ አልበገራቸውም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሶፎንያስ ክፍል ገብቶ ጣቢታን በሁሉም ፊት አመሰገናት፤ የእህቴን ሕይወት ያተረፍሽው አንቺ ነሽ አላት። ልጅቷ ለማሳቅ ብዬ ነው የጠየቅኩት ብላ አንገቷን ደፋች። ይሁን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ አላት፤ ከልቡም ነበር።

በሦስተኛው እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለምስጋና ጸሎት ቦኖሻ ተሰበሰቡ። ተዘመረ፣ ተበላ። አቶ ዳኘ ግን እህል አልቀመሱም። እንግዳው ሲወጣ አስናቀች አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የሰጠሁሽ፣ ልጄ» አሏት።

«ቁመቴም ከአንተ ነው፣ አባዬ። ሳቄም ከአንተ ነው። ያንን ሁሉ አመስግኜ ሳልጨርስ በዚች አንዷ ልቆጣህ?»

ሽማግሌው አለቀሱ፤ እሷም ሳታባብላቸው፣ እስኪወጣላቸው ድረስ እጃቸውን ይዛ ጠበቀች። እንባቸውን ሲጠርጉ ሶፎንያስን ጠሩት።

«የገነቴ ሴት ልጆች ሀቢቾ ነው የሚኖሩት» አሉት። «ሦስት ናቸው። ነገ ትወስደኛለህ፤ የምነግራቸው እኔ ነኝ።»