ከዳኮታዋ ክንፍ ሥር

ጓድ ይመር ፊልሙን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠው በቀትር ነው። አሰብ ውስጥ በቀትር ፊልም የሚያጥብ የለም። ይህን የማያውቅ የደጋ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የጸጥታ ሹም ሆኖ ከደሴ ከመጣ ገና ብዙም አልቆየም።

«አሁኑኑ ታጥቢዋለሽ» አለኝ። «አይተን የሰውየውን ነገር እንወስናለን።»

ሰውየው ያለው ብዙነህን ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የፊዚክስ መምህር። ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር ይዘውት ነበር። ምጽዋ ከእጅ የወጣችበት ዓመት ነው። አገሩ ሁሉ የሚተነፍሰው በእኛ ወደብ ስለነበር፣ ቀና ብሎ ክሬን ያየ ሰው እንኳ ለምን አየህ ይባላል። በስለላ ተጠርጥሮ የገባ ሰው ሲወጣ ግን አላየንም። ጠዋት የብዙነህ ሚስት ዘሪቱ መጥታ ነበር። በከተማው ፊልም የማጥበው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ወደ እኔ እንደሚያመጡት ገምታለች። አላለቀሰችም። «ዙሌይኻ፣ አደራሽን» ብላኝ ሄደች።

እውነቱን ልናገር፣ ብዙነህ ሰላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተናደድኩ። እሱ የታሰረው በአሮጌ አውሮፕላን ነው። ሌላው መምህር በእረፍቱ ባሕር ዳር ተቀምጦ ቢራውን ይጠጣል፤ ይኼኛው የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ከቤቱ እየሮጠ ይወጣል። ገና ሳይታይ በድምፁ ብቻ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ይነግራችኋል። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት ግን አንዲት ዳኮታ የምትባል የጭነት አውሮፕላን ነበረች፤ ሆዷ በቆርቆሮ የተጣጣፈ፣ ስትነሳ የምታስል። «አሮጊቷ» ይላታል። ለዓመታት ፎቶዋን ሲያነሳ እኔ ሳጥብለት ኖረናል። አንዱን አሳምሬ አሳድጌለት፣ ለምኖኝ በሱቄ መስታወት ላይ ሰቀልኩት። ሙሽራ በሚሰቀልበት ቦታ አሮጊት አሰቀልከኝ እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ሰሞኑን አሮጊቷ መብረር ልታቆም ነው፣ ተቆራርጣ ድስት ልትሆን ነው የሚል ወሬ ሰማና እንቅልፍ አጣ። ፎቶ ማንሳት እንደተከለከለ ያውቃል። እኔም ጮኼበታለሁ፤ ልጆችህን አስብ ብዬዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ሳላነሳት ብትሄድ ይቆጨኛል አለና ሄደ።

«ራሱ ነው እጠቡትና እዩት የሚለን» አለ ይመር። «ከአውሮፕላኗ ሌላ ምንም የለበትም ብሎ ይምላል።»

ይህን ስሰማ ትንሽ ቀለለኝ። ብዙነህ ብዙ ጉድ አለበት እንጂ ውሸት አያውቅም።

የጣሪያዬ የውሃ በርሜል በቀትር ሻይ ሊያፈላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ለይመር በግልጽ ነገርኩት። ፊልም በሙቅ ውሃ ከተነካካ ምስሉን የያዘው ቆዳ ይላቀቃል፤ እኔ የምሠራው ጎህ ሲቀድ፣ በርሜሉ ሳይግል ነው፤ አሁኑኑ ከተባለ ደግሞ በበረዶ ነው አልኩት። ከበረዶ ፋብሪካ ያመጣሁት ብሎኬት በጆንያ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ነበር፤ አሳየሁት። እሺ፣ በበረዶሽ ሥሪ አለኝ። አብሮት የመጣው ሑመድ የሚባል ታጣቂ፣ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የበይሉል ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ይሰማል።

ጨለማው ክፍል ገብቼ ፊልሙን በዳበሳ ጠቅልዬ፣ ብርሃን የማያስገባው ጣሳ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ጆንያው ተፈቷል። ይመር በረዶዬን በሳንጃ ፈልጦ፣ በጆግ ውሃ ውስጥ ጨምሮ፣ ላቡን እየጠረገ ይጠጣል። ለሑመድም ሰጥቶታል። ሑመድ የውሃ ኩባያውን ይዞ መሬት መሬት ያያል፤ የአገሩ ሰው ነውና የተሠራው ጥፋት ገብቶታል። ጓዱ እንካ ሲለው እምቢ ማለት ግን አልቻለም።

ከብሎኬቱ የተረፈው ፊልም የማጥብባቸውን ሁለቱን መድኃኒቶች ለማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ለመጨረሻው መለቅለቂያ አይበቃም። ሌላ በረዶ ይምጣልኝ አልኩ። ይመር ጆጉን ጠረጴዛው ላይ ደቀነና፣ «ጊዜ እየገደልሽ ነው። ለማን ነው ጊዜ የምትገዢው?» አለኝ። መድኃኒቱን ሞላሁ፣ ነቀነቅኩ፣ ደፋሁ፣ ሁለተኛውን ሞላሁ።

ክዳኑን ከፍቼ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት። የብዙነህ ካሜራ ድሮ የተሠራ ነው፤ ፊልሙ ሰፋ ያለ ስለሆነ ለለመደ ዓይን ሳይታተምም ይነበባል። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ይመር በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ምንድን ነው ይኼ አለ። አውሮፕላን ነው አልኩት። ነበርም። አፍንጫዋ፣ የተጣፈው ሆዷ፣ ጅራቷ።

ከዚያ ይመር ያልለየውን አየሁ።

ከክንፏ ጥላ ሥር ቃሬዛዎች ተደርድረዋል። በቃሬዛዎቹ ላይ ሰዎች ተኝተዋል፤ ራሳቸው የተጠመጠመ፣ እግራቸው የተቆረጠ። ወታደሮች አንዱን ወደ በሩ ያነሳሉ። ቁስለኛ በአሮጌ አውሮፕላን እንደሚጫን በከተማው ይወራ ነበር፤ ያየሁ ባይ ግን አልነበረም። በጋዜጣ እያሸነፍን ነበራ። ይህ ወረቀት ላይ ከታተመ ብዙነህ ለፍርድ እንኳ ሳይቀርብ ይረሸናል። ያ ጅል ደግሞ እጠቡትና እዩት እያለ ይለምናል።

«ጨረሽ?» አለ ይመር።

«መለቅለቅ ይቀረዋል።»

«ታዲያ ለቅልቂዋ!»

ሑመድን አየሁት። እሱም ባዶውን ጆንያ አየ። ቆይ ማለት እችል ነበር። ፊልሙ ትንሽ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም ነበር፤ በረዶ ፋብሪካው ደግሞ ሩቅ አይደለም። አላልኩም። የዘሪቱ ፊት መጣብኝ፤ የራሴም ልጆች መጡብኝ። የበርሜሉን ቧንቧ ከፈትኩት።

ውሃው ጣቴን ለበለበኝ። ቆዳው እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ፤ ክንፉ ተጣመመ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ተንሸራቶ ወደ ማጠቢያው ቀዳዳ ወረደ። እጄ ላይ የቀረው ጥርት ያለ ላስቲክ ነው።

ይመር ቀምቶኝ ወደ ብርሃን አነሳው። ምስሉ የታለ አለ። ክንዴን ጠምዝዞ ከግድግዳው አጣበቀኝና፣ «አብረሽው ነሽ» አለኝ በዝግታ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«በሙቅ ውሃ አይሆንም ብዬ ነግሬዎታለሁ። በረዶውን ማን ጠጣው?» አልኩት። «ይኸው ምስክር አለ፤ ይጠይቁት።»

ይመር ሑመድን ዞሮ አየው። እንግዲህ የሁላችንም ነገር በዚያ ልጅ አፍ ላይ ወደቀ። አልተናገረችም ቢል ለጓዱ ታማኝ ይባላል፤ እኔም ከብዙነህ ጎን እገባለሁ። ሑመድ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ተናግራለች፣ ጓድ» አለ። «በረዶውን የጠጣነው እኛ ነን። ለቅልቂው ያሏትም እርስዎ ነዎት።»

የይመር እጅ ላላ። ፊቱን እያየሁት ነበርና ምን እንደሚያሰላ ገባኝ። የሰላይ ማስረጃ እኔ በረዶ ስጠጣ ሟሟ ብሎ ለአለቆቹ እንዴት ይናገራል? ለሱም ከብዙነህ ጎን ቦታ አያጡለትም። ላስቲኩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ፊልሙ ባዶ ነበር» አለ።

«ባዶ ነበር» አልኩ። ሑመድም ባዶ ነበር አለ።

ብዙነህን ሰንብተው ለቀቁት። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ሱቄ መጣ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሳልጨርስ፣ «አሮጊቷስ?» አይለኝም! በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። ፊልሙ እንደጠፋ ነገርኩት። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ዳኮታዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ተመልሳ አልመጣችም።

«አንቺ ግን አይተሻታል፣ እትዬ» አለኝ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ትመስል ነበር?»

አፍንጫዋን ነገርኩት። ሆዷ ላይ ያለው አዲሱ ቆርቆሮ በደንብ መውጣቱን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ፈገግ አለ።

«ከሷ ሌላ ምንም አልነበረም አይደል? ያልኳቸው እውነት ነው።»

ዝም ልለው አስቤ ነበር። አልሆነልኝም።

«ቁስለኞች ነበሩ፣ ብዙነህ። ከክንፏ ሥር ተደርድረው ነበር። አንደኛው ቀና ብሎ አንተን ያይ ነበር።»

ዓይኑን ገለጠ። እየቀለድኩበት እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ፈተሸ። ከዚያ፣ «እኔ አላየኋቸውም» አለ። «ዙሌይኻ ትሙት፣ ቆሜ ሳነሳ አላየኋቸውም።»

ተነስቶ ወደ መስታወቱ ሄደ። የድሮውን ፎቶ አውርዶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ብርሃን አስጠጋው። ከክንፉ ሥር ያለውን ጨለማ ብዙ ቆይቶ ተመለከተና ለእኔ ሰጠኝ።

«እዚህስ ሰው አለ?»

ጥላ ብቻ ነበር። ደጋግሜ ነገርኩት፤ አላመነኝም።