ድንበር የማይሻገር ፈቃድ

ለምለም ያን ቀን ከሥራ ዘግይታ ብትመለስ ኖሮ፣ ሽጉጥ የሚባል ነገር ሐሳቧ ውስጥ አይገባም ነበር። ስዊድን አገር፣ ሪንከቢ በሚባል ሰፈር ሃያ ዓመት ገደማ ኖራለች። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትረዳለች፤ ልጇን ሩሐማን ብቻዋን አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች። በሰፈሩ ተኩስ በተሰማ ቁጥር መስኮቷን ዘግታ፣ ለሞተው ነፍስ ይማር ብላ፣ በማግስቱ ወደ ሥራዋ የምትሄድ ሰው ነበረች።

የዚያን ቀኑ ግን መስኮት በመዝጋት የሚታለፍ አልሆነም። በመጋቢት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ የሕንፃውን በር ልትከፍት ቁልፏን እንዳወጣች ብስክሌት ከሚቀመጥበት ምድር ቤት ተኩስ ጮኸ። ወዲያው አንድ ወጣት ደረጃውን ሽቅብ እየሮጠ ወጣ። ፊቱን የሸፈነበት ጨርቅ አገጩ ላይ ወርዷል፤ በቀኝ እጁ ሽጉጥ ይዟል። ኪሩ ነበር፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው የትርሓስ ልጅ። ሕፃን ሳለ ከሩሐማ ጋር እጅ ለእጅ አያይዛ ከትምህርት ቤት ታመጣው ነበር። እሱም አወቃት። ቆም አለና፣ «እትዬ ለምለም፣ ግቢ» አላት። ከዚያ ሮጠ።

ለምለም አልገባችም። ከታች የሚያቃስት ሰው ድምፅ ሰምታ ወረደች። የወደቀው ከኪሩ የማይበልጥ ልጅ ነበር። እጁን ይዛ ተቀመጠች፤ አምቡላንሱ ሳይደርስ እጁ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ፖሊስ ሲጠይቃት ያየችውን ተናገረች። ምንም አላየሁም ብትል ይሻላት እንደነበር ብዙ ሰው መክሯታል፤ እሷ ግን የዚያ ልጅ እጅ መዳፏ ላይ ቀርቶ ነበርና ዝም ማለት አልሆነላትም። ኪሩ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ክሱ የሚሰማው በኅዳር መሆኑን፣ እሷም ቀርባ በስሟ እንደምትመሰክር ነገሯት። ፍርሃቱ የጀመረው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሊፍት መግባት ተወች። ቀጥላ በባቡሩ ሪንከቢ መውረድ ትታ፣ አንድ ጣቢያ አልፋ ቴንስታ እየወረደች በእግሯ መመለስ ጀመረች። ከኋላዋ የሚሄድ ሰው ሁሉ ኮቴው ከበደባት። ከዚያ የበሩ ደወል መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጮኻል፤ በበሩ ቀዳዳ ስታይ ማንም የለም። ሳምንት ሰንብቶ ደግሞ ይጮኻል። ቤት ልትቀይር ብትጠይቅ፣ ቦስታድስኮ የሚሉት የኪራይ ቤት ወረፋ ዓመታት የሚያስጠብቅ ሆነ። ለፖሊስ ስለ ደወሉ ብትነግር መዘገቡላትና፣ የሚያሰጋ ነገር ካየሽ ደውዪ አሏት። የምታየው ግን ምንም አልነበረም፤ የሚያስፈራትም እሱ ነበር።

አሜሪካ ለሚኖረው ወንድሟ ለሞላልኝ ስትነግረው፣ እሱ ነገሩን ቀላል አደረገው። እሱ ሽጉጥ በወገቡ ደብቆ ይሄዳል። ከራሱ ስቴት የሌላው ፈቃድ ይቀላል ብሎ፣ ኖሮበት በማያውቀው ስቴት ሠልጥኖ፣ አሻራ ሰጥቶ ነው ያወጣው። እዚያ ሥልጠናው ረጅም እንዳልሆነ፣ አብረውት የተማሩት ሴቶች በቦርሳቸው ይዘው እንደሚዞሩ ነገራት። በበጋው እኔ ጋ ነይና ሠልጥኚ፣ ፈቃዱ ለነዋሪ ብቻ አይደለም፣ ከሌላ ቦታ ለመጣም ይሰጣሉ አላት። ለምለም ይህን ሰምታ ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች። የውጭ መንጃ ፈቃድ እንኳ እዚህ ይሠራል፤ ይኼ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ አለች በልቧ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ብርሃነ ሥላሴን ጠበቀቻቸው። ብርሃነ ሥላሴ በወጣትነታቸው አገር ቤት ወታደር ነበሩ፤ እዚህ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከባለቤታቸው ከብርቅአየሁ ጋር ሄሰልቢ ይኖራሉ፤ ከዚያ አለፍ ብሎ ጫካ ውስጥ ባለ የተኩስ ክለብ ለጀማሪዎች ዒላማ ያስተምራሉ። ወሬዋን እንደ ቀልድ አስመስላ፣ ወንድሟ የሚያወራው ፈቃድ እዚህ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ያ ወረቀት ወንድምሽን ጎረቤት ስቴት ሲሻገር እንኳ ሊያሳስረው ይችላል» አሏት። «ባሕር ተሻግሮ እዚህ ምን ያደርግልሻል? እዚህ ሽጉጥ በቦርሳ ይዞ መዞር ለእኔም አልተፈቀደም። እኛ የምንይዘው ለዒላማ ነው፤ ቤት ስንገባ ብረት ሣጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን።»

ለምለም ግን ከንግግራቸው የያዘችው «ቤት ስንገባ» የሚለውን ነበር። ቤት ውስጥ ከኖረ ይበቃታል። ለዚያ ምን እንደሚያስፈልግ ስትጠይቃቸው ዘርዝረው ነገሯት፦ የክለብ አባል ሆኖ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ሳያቋርጡ መተኮስ፣ ፈተናውን ማለፍ፣ ከዚያ ክለቡ ይህ ሰው ይታመናል ብሎ መፈረም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፖሊስ ታሪክን አገላብጦ መፍቀድ። ስፖርቱ ደስ ብሎኛል አለቻቸውና ተመዘገበች። ሽማግሌውን መዋሸቷ ከንክኗታል፤ ፍርሃቱ ግን ከኅሊናዋ ይበልጥ ነበር።

በየቅዳሜው ጫካው ድረስ ሄደች። አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞር፣ ልትተኩስ እስክትወስን ጣትን ከቃታው ውጭ ማድረግ፣ ባዶ ነው የተባለውን ሁሉ ጎርሷል ብሎ መያዝ፤ ብርሃነ ሥላሴ እንደ ውዳሴ ማርያም ያስደግሟት ነበር። የመጀመሪያው ተኩስ ሲጮኽ ምድር ቤቱ ትዝ አላትና ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ጭሱ ዓይኔ ገባ አለች። በጋው ሲያልቅ ግን ከእሷ ጋር ከጀመሩት ሁሉ የተሻለች ተኳሽ ሆነች። ብርሃነ ሥላሴ ያመሰግኗታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከዒላማው ይልቅ ፊቷን ያያሉ።

ሽጉጡ እስኪገኝ የወጥ ቤት ቢላዋ ከበሩ አጠገብ፣ ጫማ መደርደሪያው ላይ አኖረች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር ሰማች። ማንንም አልጠበቀችም ነበር። ቢላዋውን ይዛ ከበሩ ጀርባ ቆመች። በሩ ተከፈተ፤ አንድ እግር ገባ። ለምለም ቢላዋውን አነሳች። ሩሐማ ነበረች፤ የዕለቱ ትምህርት ቀርቶ፣ ከምትማርበት ከኡፕሳላ ድንገት መጥታለች። እናትና ልጅ ተያዩ። ሩሐማ ጀርባዋን ከግድግዳው አጣብቃ፣ ሕፃን እንደምታባብል በቀስታ፣ «እማዬ፣ አስቀምጪው» አለቻት በስዊድንኛ። ለምለም ለማስቀመጥ ብትሞክር ጣቶቿ አልፈታ አሏት። ሩሐማ አንድ ባንድ አላቀቀቻቸው። ያን ሌሊት ልጅቷ ጓደኛዋ ቤት እንደምታድር ተናግራ ሄደች፤ እናቷን መፍራቷን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ጥቅምት ላይ ለምለም ፈተናውን አለፈች። ፊርማውን ስትጠይቃቸው ብርሃነ ሥላሴ የክለቡን በር ዘግተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ስትተኩሺ አይሻለሁ» አሉ። «ሌላው ሰው ነጥቡን ያያል። አንቺ ግን እዚያ ወረቀት ላይ የምታይው ሰው አለ። ማን ነው?»

ለምለም ሁሉንም ነገረቻቸው። ምድር ቤቱን፣ ደወሉን፣ ሩሐማንና ቢላዋውን።

«አልፈርምልሽም» አሏት ሽማግሌው። «ብጠላሽ እፈርምልሽ ነበር። ያን ቀን እጅሽ ላይ የነበረው ቢላዋ ሳይሆን ሽጉጥ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅሽን ዛሬ የት እንጠይቃታለን?»

በጣም ተቀየመቻቸው። እርስዎ እኔን አይሆኑም፣ በርዎ ላይ የሚቆም የለም ብላቸው ወጣች። በባቡሩ ስትመለስ፣ ችሎቱ እየቀረበ ሳለ ባዶ እጇን መቅረቷን አሰበች።

በሳምንቱ ደወሉ ጮኸ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ለምለም ጫማዋን አውልቃ፣ ትንፋሿን ይዛ ወደ በሩ ቀዳዳ ቀረበች። በዚህኛው ቀን የደወለው ሰው ከወትሮው ዘግይቷል፤ ደረጃውን የሚወርድ ጀርባ አየች። ግራጫ ካፖርት፣ ነጭ ሻርፕ። አካሄዱን አወቀችው። ሰንሰለቱን ሳታወልቅ በሩን ገርበብ አደረገችና፣ «ትርሓስ» አለች።

ትርሓስ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ቆመች። ፊቷን ስታዞር ለምለም ለመለየት ተቸገረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ አሮጊት ሆናለች። በጋውን ሙሉ ስትደውል የነበረችው እሷ ነበረች። ደወሉን ከተጫንኩ በኋላ እግሬ ይከዳኛል፣ በሩ ሳይከፈት እሸሻለሁ አለቻት። ለምለም ሰንሰለቱን አወለቀች። ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ትርሓስ ግን ካፖርቷን አላወለቀችም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለች ትርሓስ፣ ትግርኛ በሚጫነው አማርኛዋ። «እሱ አልነበርኩም ይለኛል። ጠበቃው ማንም በደንብ አላየውም ይለኛል። አየሽው?»

ለምለምን ለፖሊስ መናገር ይህን ያህል አልከበዳትም ነበር። «አየሁት» አለች።

«ፊቱን?»

«ፊቱን። ስሜን ጠራኝ። ‹እትዬ ለምለም፣ ግቢ› አለኝ።»

ትርሓስ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆሞ በሩን ከፍቶ ሲዘጋ፣ ተነስቶም ሲሄድ ይሰማ ነበር። «እትዬ ማለትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ነው። ሌላ ሰው አይልም።» ከዚያ ካፖርቷ ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ለምለም ልታቅፋት ተነስታ፣ የምታቅፍበት መብት ያላት ስላልመሰላት ቆማ ቀረች።

ትርሓስ ዓይኗን ጠርጋ፣ እንዳትመሰክሪ ልለምንሽ ነበር የመጣሁት፣ አሁን ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ አለች። ይህን ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የኪሩ ጓደኞች የሆኑ ሁለት ልጆች ትናንት መጥተው፣ ያቺ ምስክር ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው ብለው ጠይቀዋታል።

«ከሰፈሩ ለቃለች አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም። ዛሬውኑ ሂጂ።»

ከወራት በኋላ ለምለም የፈራችው ነገር መልክ አገኘ። ቢላዋውን አላነሳችም፤ ሻንጣ ነው ያነሳችው። ለፖሊስ ደወለች፤ ቀጥላ ለሩሐማ ደውላ ወደ ቤት እንዳትመጣ አስጠነቀቀቻት። ከዚያ የምትሄድበት ብታጣ፣ ለተቀየመቻቸው ሰው ደወለች። ብርሃነ ሥላሴ ምንም አልጠየቋት። በመኪናቸው መጥተው በጓሮ በር ወሰዷት፤ ሄሰልቢ ቤታቸው ብርቅአየሁ አልጋ አንጥፋ ጠበቀቻት። እስከ ችሎቱ ድረስ እዚያ ሰነበተች። የሽማግሌው ሽጉጥ በሣጥኑ ተቆልፎ ከምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ማዶ ነበር። መኖሩን ማወቋ ከፍርሃቷ አንዲት ፍሬ አልቀነሰላትም።

ኅዳር ላይ ፍርድ ቤት ቀርባ መሰከረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር ዳኛዋ ሁለቴ አስደገሟት። ኪሩ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «ግቢ አለኝ» ስትል ብቻ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ያየችው ቁጣ አልነበረም፤ ምን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ መናገር አትችልም።

ከአዳራሹ ስትወጣ ሊሸኛት የነበረው ፖሊስ በር ላይ ሌላ ሰው ሲያናግር ቀድማው ኮሪደሩ ውስጥ ገባች። ሁለት ወጣቶች ጫፉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደሷ መራመድ ጀመረ። ለምለም መሮጥም መጮህም አቃታት። ያኔ ትርሓስ ከኋላዋ መጣች። አላናገረቻትም፤ ፊቷንም አላየችም። አልፋት ሄዳ ፊት ለፊቷ፣ ጀርባዋን ለሷ ሰጥታ፣ ሁለት እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆመች። ለወጣቱ በስዊድንኛ አንድ ነገር አለችው፤ ለምለም በትክክል አልሰማችውም። ወጣቱ የጓደኛውን እናት አየ፣ ቆመ፣ እግሩን አየ።

ፖሊሱ እስኪመጣ ትርሓስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።