ዘጠነኛው ጉድጓድ ላይ የተነሰነሰ ቄጤማ

ድሬዳዋ ላይ ሣር ማብቀል ከፀሐይ ጋር መካሰስ ነው። የጎልፍ ሣር ማብቀልማ ጭራሽ እብደት ነው፤ ዐብዲከሪም በዚህ እብደት ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራ ሲበላበት ኖሯል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ ባለችው ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓዶች አሉ። የስምንቱ ዙሪያ አቧራው እንዳይነሣ ዘይት የጠጣ አሸዋ ነው። እውነተኛ ሣር ያለው ዘጠነኛው ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሃያ እርምጃ በሃያ እርምጃ። ተጫዋቾቹ "ግሪን" ይሉታል። ዐብዲከሪም "ልጄ" ይለዋል። ሚስቱ ሃዎ ደግሞ "ጣውንቴ" ነው የምትለው።

የሜዳው ባለቤት ሰይፈ ሚካኤል ሣሩ በሚጠጣው ውኃ ከተማረረ ቆይቷል። ለእሁዱ ውድድር ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ የተናገረ ቀን ቁርጡን አሳወቀ።

"እንግዶቹ ከወደዱት ይቀጥላል። ካልወደዱት ሰኞ ሴራሚክ አስነጥፌ የሰርግ ቦታ አደርገዋለሁ።"

"አቦ አንተ ደሞ! ሰርግ የትም ይደገሳል። ሣር ግን እዚህ አገር የት ይበቅላል?"

"ሰኞ ነው ያልኩህ" አለና መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐብዲከሪም ሰው መሆኑን ረሳ። ውኃውን ፀሐይ ሳትወጣ ያጠጣል፤ ረፋድ ላይ ያጠጣ እንደሆነ ሣሩ ይቀቀልበታል። አሸዋ በወንፊት ነፍቶ በስሱ ይበትንና በመጥረጊያ ጀርባ ያስተካክላል። በማጨጃው እየተመላለሰ ሣሩን አራት ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ይላጨዋል። በመጨረሻ በሆዱ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል፤ ከጓደኞቿ ልቃ የወጣች ሣር ካየ በሃዎ መቀስ ይቀነጥሳታል።

ይህን ሁሉ የክለቡ ወጥ ቤት ኃላፊ በለጠች ከመስኮቷ ታየዋለች። ወር በገባ በሃያ አንዱ፣ በማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት፤ "ወላሂ" ማለቱን ግን ከጎረቤቶቿ ተምራለች።

"ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትመለምለው? እንግዳ ሲመጣ ቤት ይለመልማል እንጂ ይላጫል? ወላሂ ታሳፍረናለህ!"

"አንቺ ወጥሽ እንዳያርር ጠብቂ።"

እሁድ ማለዳ ለመጨረሻ ጊዜ አጨደው፤ ጉድጓዱን አዲስ ቦታ ላይ ቆረጠና ባንዲራውን ተከለ። እንዲህ አምሮበት አያውቅም። ከዚያ ንጹሕ ሸሚዝ ለመልበስ በባጃጅ ወደ ቤቱ ሄደ። ምነው ቆሻሻውን እንደለበሰ በቀረ!

ሲመለስ ግሪኑ የለም። ከዳር እስከ ዳር ቄጤማ ተነስንሶበታል። ቁጠባ ያልነካው፣ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ ውኃ የተረጨበት ለምለም ቄጤማ። በለጠች የመጨረሻዋን እፍኝ ባንዲራው ሥር እየበተነች ነበር።

"እንዴት ነው?" አለችው፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። "ትናንት ከቀፊራ ገበያ ገዝቼ በእርጥብ ማዳበሪያ ጠቅልዬ ነው ያሳደርኩት። አሁን ቤት መሰለ።"

"ገደልሽኝ! በለጠች፣ ገደልሽኝ! ኳሱ በምን ላይ ይንከባለል? ኳስ ነው የሚመጣው ወይስ ሙሽራ?"

"ሰው ነው የሚመጣው!" አለች፣ እሷም ተቆጥታ።

ዐብዲከሪም እየተሳደበ ተንበርክኮ ማፈስ ጀመረ። እርጥቡ ቄጤማ ግን እጁ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ንጹሑ ሸሚዙ ላይ ይለጠፋል። ገና አንዱን ጥግ ሳይጨርስ ከላይ አንዲት ኳስ መጥታ ዱብ አለች፤ አልነጠረችም፣ አልተንከባለለችም፣ ቄጤማው ውስጥ ገብታ ተኛች። ሁለተኛዋም ተከተለች። ወዲያው ሰይፈ ሚካኤል ከእንግዶቹ ጋር ደረሰ። ከፊት የነበረችው ውድድሩን በውጤት የምትመራው ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ናት።

ሰይፈ ሚካኤል ግሪኑን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይህን ማን ነው ያደረገው?"

ዐብዲከሪም "እሷ!" ሊል አፉን ከፈተ። በለጠችን አያት። ባዶውን ማዳበሪያ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ሥራዋን ብታጣ የሚራቡ ሦስት ልጆች አሏት። አናደደችው፤ አሳዘነችውም።

"እኔ ነኝ" አለ።

ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ዳኛ የደንቡን መጽሐፍ አውጥቶ አገላበጠ። በደንቡ የተቆረጠ ሣር ከመሬት ያልተያያዘ ልቅ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ በእጁ ሊያነሣው ይፈቀድለታል። በቃ፣ ነጭ ሱሪ የለበሱት እንግዶች ተንበርክከው ከኳሳቸው እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቄጤማ ይለቅሙ ጀመር። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ ተሳሳቁ፣ ትንሽ ቆይተው ማን ቶሎ ይጨርሳል በሚል ፉክክር ያዙ። ፍቅርአዲስ መንገዷን ጠርጋ ኳሷን በቀስታ መታች። ኳሷ በተላጨው ሣር ላይ ዝም ብላ ሄደች፣ ሄደች፣ ገባች።

እዚያው ግሪኑ ዳር ዋንጫውን ስትቀበል ማይክሮፎኑን ያዘች።

"ብዙ አገር ተጫውቻለሁ። ቄጤማ ነስንሶ የተቀበለኝ ግን የለም። ዐብዲከሪም፣ እግዜር ያክብርልን!"

ጭብጨባው ቀለጠ። ሰይፈ ሚካኤል የዐብዲከሪምን ትከሻ መታ መታ አደረገና "ሴራሚኩ ቀርቷል" አለው በጆሮው።

የለመነውን አገኘ። ደስታው ግን አልመጣለትም። ስለ ሣሩ አንድ ቃል ይላሉ ብሎ ጠበቀ፤ የተነፈሰ የለም። ቀና ሲል ወጥ ቤቱ በር ላይ በለጠች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዓይኗ ቢናገር ኖሮ "ሌባ!" ይለው ነበር። የለፉበትን ሥራ ሰው ሳያይላቸው ሲቀር እንዴት እንደሚያንገበግብ ከሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ማይክሮፎኑን ከፍቅርአዲስ እጅ ተቀበለ።

"ዋሸሁ። ቄጤማው የበለጠች ነው። እኔማ ስሰድባት ነበር።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። በለጠች አላመሰገነችውም። ሽርጧን እንዳደረገች ተንደርድራ ግሪኑ መሃል ገባች፤ ጎንበስ ብላ የቀረውን ቄጤማ በሁለት እጇ ገለጠችው።

"ኑ እስቲ!" ብላ ጮኸች። "ኑ ንኩት! ይህ ሰውዬ ሰባት ዓመት ሙሉ በሆዱ እየተኛ ያሳደገው ነው። ከሥር ያለውን ማንም አላየለትም!"

እንግዶቹ ተጠጉ። አንድ በአንድ ተንበርክከው መዳፋቸውን ሣሩ ላይ አሳረፉ። ፍቅርአዲስ ዓይኗን ጨፍና ዳበሰችው። ሰይፈ ሚካኤል ሳይቀር ጫማውን አውልቆ ቆመበት፤ የሰባት ዓመት ውኃ የት እንደገባ ገና ያን ዕለት ያወቀ ይመስል ነበር።

ዐብዲከሪም ሊያለቅስ መሆኑን ሲያውቅ ማይክሮፎኑን አፉ ላይ ደቅኖ በመላ ድሬዳዋ እስኪሰማ ጮኸ፦

"በቃ አቦ፣ ተነሱ! ሣሩን ትጨርሱታላችሁ!"