የከርት ጀልባና የሎርና ደረሰኝ

ደግሞ እኮ ከርት ሎርኒ ይላታል፣ ከተፋቱ ስድስት ዓመታቸው፣ ስሟን የሚያቆላምጠው የሆነ ነገር ሲፈልግ ብቻ ነው፣ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ግብሯን የምታስታውቅበት ኮምፒውተር፣ አጠገቡ የባንክ ወረቀት፣ በድሮ አድራሻው ወደ እሷ ቤት የመጣው፣ ከርት ከልጃቸው ከቴስ የኮሌጅ ቁጠባ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር አውጥቷል የሚለው። አሥራ አንድ ሺህ። የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች በየወሩ ከደሞዟ ያስቆረጠችው፣ ሂሳቡን በእሱ ስም አስከፈተችው፣ ለምን፣ ባል ነዋ፣ አይ ሎርና፣ ጅል።

ስሚኝ እንጂ፣ ይላል ከርት፣ የኮሌጁን ክፍያ ደረሰኝ ብቻ ላኪልኝ፣ ብሩ ለትምህርት ነው የዋለው ብዬ ልሙላ፣ አለዚያ ለትምህርት አልዋለም ተብሎ ግብሩም ቅጣቱም እኔው ላይ ነው። ለትምህርት፣ ይቺን ይወዳል፣ ኮሌጁን የከፈለችው እሷ፣ ፈረቃ ደርባ፣ እሱ በብሩ ጀልባ ገዝቷል፣ የዱሉዝ ከተማ ሰው ሁሉ አይቶታል፣ በረዶው ሳይቀልጥ ደጁ ላይ ገትሮ ሲወለውላት፣ አሁን የእሱንም ጉድ ታጥብለት፣ አንሶላ መሰለው።

አንድ ደረሰኝ ለሁለት ሰው አይሆንም፣ እሷ ከሞላችው ከግብሯ ይቀነስላታል፣ ያ የሚተርፋት ብር ለቴስ የመስከረም ክፍያ ነው፣ እሱ ከሞላው ለእሷ ባዶ። ቴስ ትናንት ምን አለች፣ ማሚ ስጪውና ይለፍ፣ ካኮረፈ ምርቃቴ ላይ አይመጣም። ልጅቷ ምን አደረገች፣ ትላለች ለራሷ፣ ስጪው በቃ፣ ሁሌም እንደሰጠሽው።

ከርት፣ ትላለች፣ ጀልባ ገዛሁበት በለኝ፣ እንደዚያ ብለህ ጠይቀኝና እሰጥሃለሁ። የእውነቷን ነው፣ እጇ ደረሰኙ ላይ ነው።

ኧረ ሎርኒ፣ አንቺ ደግሞ፣ ለማን ብዬ የገዛኋት መሰለሽ፣ ቴስ ብዬ እኮ ነው የሰየምኳት፣ ጎኗ ላይ በትልቁ አስጽፌዋለሁ።

በቀለም። በልጅቷ ስም። ሎርና የደረሰኙን ቁጥር በራሷ ቅጽ ላይ ታስገባለች፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ ላክ የሚለውን ትጫናለች፣ ተልኳል ይላታል፣ ሰማሽኝ ወይ ይላል ከርት፣ ሰምታዋለች፣ ስልኩን ትዘጋዋለች፣ ለቴስ ምን ብላ እንደምትነግራት ግን አታውቅም።