ቀጭኑ የአበልጅ መስመር

እኛን ከማኒላ ባሕር ተሻግሮ ያለችው የኢሎይሎ ከተማ ሰዎች ስንቆጣ እንኳ የምናባብል ነው የምንመስለው ይሉናል። እውነት ነው። እኔንም አንጀቴን ያሳረረኝ ይኸው ነው!

መሥሪያ ቤታችን ለከተማው ኢንተርኔት ያቀርባል። ከውጭው ዓለም የሚያገናኙን ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሰፊው በባሕር ውስጥ የሚመጣው ኬብል ነው፣ ቀጭኑ ደግሞ የአለቃዬ የቦስ ኤሊሴዮ አበልጅ፣ የኖንግ ፍሎሮ ነው፤ በዕድሜ ታላቅ የሆነን ወንድ ኖንግ ወይም ማኖንግ ነው የምንለው። ከእኛ የሚወጣውን በፈለግነው በኩል እንሰዳለን። የሚገባው ግን በሰው እጅ ነው፤ መንገዱን የሚመርጡት ወዲያ ማዶ ያሉት ናቸው። እነሱም መርጠው መርጠው በቀጭኑ ይመጣሉ። ቀጭኑ ሲሞላ በእኛ ኢንተርኔት የውጭ አገር ሰዎችን ስልክ የሚያስተናግደው የኮል ሴንተሩ ድምፅ ይቆራረጣል።

እህቴ ሊጋያ የምትሠራው እዚያ ነው። ኩዌት የሰው ቤት ስትሠራ ከርማ ስትመለስ ትንሽዋ ልጇ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" ብላ ነው የተቀበለቻት። ለኮል ሴንተሩ ሥራ የሚሰጡት የውጭ ድርጅቶች ድምፁ ካልተስተካከለ ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ እንወስዳለን ብለዋል። ከወሰዱት ሊጋያ ተመልሳ ኩዌት ልትሄድ ነው፤ ደላላው ካሁኑ ይደውልላታል።

የቦስ ኤሊሴዮ መፍትሔ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። "ቶ፣ ቁጥራችንን ጨምርበት" ይለኛል፤ ቶ፣ ቶቶም፣ ወጣቱን "አንተ ልጅ" ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ "በዚህ በኩል ኑ" ብለን ለዓለም ስናስታውቅ የድርጅታችንን መለያ ቁጥር ከደጋገምንበት፣ መንገዱ ለሩቅ ሰው ረጅም ይመስለዋል። ትቶት በሌላው ይመጣል ተብሎ ነው። መንገድ በሚመራው ማሽን፣ በራውተሩ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ምንም። "ጨምርበት።" ስምንት ጊዜ። ወይ ፍንክች!

"ቦስ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው'ኮ የያዝነው። የኖንግ ፍሎሮ ራውተሮች የራሳቸውን ደንበኛ፣ እኛን፣ ነው የሚያስቀድሙት። መንገዱን እስከ ማኒላ ብናስረዝመው ግድ የላቸውም። ይደውሉና 'መስመርህን ለእኛ የመጨረሻ ምርጫ አድርገው' ይበሏቸው።"

"አበልጄን? መስመርህ አይረባም ልበለው? ልጄን ክርስትና ያነሳልኝን ሰው?"

"አይረባም አይበሏቸው፣ ጠባብ ነው ይበሏቸው!"

"እሱ ራሱ ይገባዋል፣ ቶ። ጨምርበት።"

ጨመርኩ።  ይሉኝታ ራውተር ላይ ሲጻፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ!

ማክሰኞ ሊጋያ "ማኖንግ፣ ዛሬም ደንበኛው ሰድቦ ዘጋብኝ፤ የምለው አይሰማውም" ስትለኝ ደሜ ፈላ። አለቃዬ ምሳ እስኪወጣ ጠብቄ ለኖንግ ፍሎሮ ራሴ ደወልኩ። 

"ኖንግ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእርስዎ በኩል የሚገባልን ነገር..."

"እግዜር ይስጥህ ቶቶ!" አለ ሳልጨርስ። "የእናንተ ጭነት መስመሬን አጨናንቆት ሌሎቹ ደንበኞቼ ሊበሉኝ ነው። አበልጄን ውረድልኝ ብዬ በምን አፌ ልናገር?"

"ቁጥሩን ስንደጋግም አላዩም?"

"አየሁ እንጂ! ኤሊሴዮ ምን ነካው ብዬ ዝም አልኩ።"

ሁለት ሽማግሌዎች ተፋፍረው ከተማውን ሊያጠፉት! ኖንግ ፍሎሮ ማስታወቂያችን ላይ "በዚህ የምትመጡት ሌላው ሲጠፋ ብቻ ነው" የሚል ምልክት እንዳደርግ ነገረኝ፤ የእሱ ራውተሮችም ምልክቱን እንዲቀበሉ ሠራተኞቹን አዘዘ። አደረግኩ። የሚገባው ሁሉ ወዲያው ወደ ሰፊው ኬብል ዞረ። ይኼንን ላለመናገር ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ቀን የተቃጠልነው!

በኮል ሴንተሩ መስመር ለሊጋያ ደወልኩላት።

"ኢንዳይ፣ እህቴ፣ ይሰማል?"

"ጥርት ብሎ! አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የሚመስለው።"

"በይ እንግዲህ፣ ለዚያ ደላላ አልሄድም በዪው።"

 

"ማኖንግ... ሥራው መሄዱ ነው ብዬ ባለፈው ሳምንት ለኩዌት ፈርሜያለሁ። ቪዛውም ወጥቷል፣ ከእንግዲህ መቅረት የለም። እሁድ ነው የምበረው።"

"ምን? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለእኔ ብለህ እንደዚያ ስትለፋ እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርህ? አፈርኩ።"

ልጮህባት አፌን ስከፍት ማልቀስ ጀመረች። መስመሩ አንዴም አልተቆራረጠም፤ ሁሉንም ሰማሁት።